ትውልድ ቈጠራና የአገር ታሪክ በመንዝ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር

በቀድሞ ዘመን በመንዝ ምድር ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ማሳ ተጣልተው በአገር ሽማግሌ ፊት የቆሙ እንደ ሆነ፥ ክርክራቸው በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነበር። እርሱም ተሟጋቹ ከራሱ ጀምሮ ያን ምድር አስቀድሞ እስካቀናው አባት ድረስ ያለውን ትውልድ ሳያቋርጥ መቍጠሩ ነው። ጽሑፍ አልያዘም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አላመጣም። መብቱ ሁሉ ያለው በቃሉና ቃሉን በሚመሰክሩለት ሽማግሎች ዘንድ ነበር። ከስሞቹ መካከል አንዲት ቅድመ አያት የረሳ ወይም የሁለት እኅትማማችን ልጆች ያደባለቀ ሰው ቢኖር፥ ባላጋራው እዚያው ይይዘዋል፤ ሐረጉ ከተበጠሰም ማሳው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ትውልድ መቍጠር የሽማግሎች ጨዋታ ወይም የመሳፍንት ትምክሕት ብቻ አልነበረም፤ የገበሬው ጎተራ በዚያ ላይ ተደግፎ ይኖር ነበር።

የዚህም ምክንያት ርስት የሚባለው የመሬት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ፥ በጎጃምም በጎንደርም በሰሜን ሸዋም በብዙ ስፍራ፥ ርስት ማለት አንድ ሰው ለብቻው ገዝቶ የያዘው መሬት ማለት አልነበረም። ከአንድ አቅኚ አባት የተወለዱ ሁሉ በዚያ አባት ምድር ላይ ድርሻ ለመጠየቅ ያላቸው መብት ነበር እንጂ። መብቱም በወንድ በኩል ብቻ የሚወርድ አልነበረም። ወንድም ሴትም ከአባትም ከእናትም ይወርሱ ነበርና፥ አንድ ገበሬ በአባቱ አባት፥ በአባቱ እናት፥ በእናቱ አባት፥ በእናቱ እናት እየቈጠረ በልዩ ልዩ መንደር ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። አያቶች አራት፥ ቅድመ አያቶች ስምንት፥ ከዚያም በላይ ያሉት አሥራ ስድስት ናቸው። በሁሉም በኩል መሬት ያገኘ ሰው የለም፤ ነገር ግን በአንዱ በኩል ቢከለከል በሌላው በኩል ለመሞከር ሁሉንም ማወቅ ነበረበት።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ እንደ አውሮፓ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የሚኖር የቤት ስም የለውም። ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጅ በወለደ ጊዜም የእርሱ አባት ስም ከአጠራሩ ይወድቃል፥ ወይም ቢበዛ በአያትነት በሦስተኛ ይቀመጣል። እንግዲህ በወረቀት ላይ የአንድ ቤተ ሰብ ስም ከሦስት ትውልድ በኋላ ይጠፋል ማለት ነው። ያን ስም ከመጥፋት ያዳነው በምሽት በምድጃ ዙሪያ አባት ለልጁ ሲቈጥርለት የኖረው ቃል ብቻ ነው።

መንዝ ራሱ በአባቶች ስም የተከፈለ አገር ነው። ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ማማ፥ ላሎና ጌራ ከተባሉ የቀድሞ አባቶች እንደ ሆነ የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። እነዚህ ስሞች ዛሬም የወረዳ ስሞች ናቸው፤ ሞላሌ በማማ ምድር፥ ወገሬ በላሎ ምድር፥ መሐል ሜዳ በጌራ ምድር የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የጌራ ምድር ተማሪ የትምህርት ቤቱን ስም በደብተሩ ላይ በጻፈ ቍጥር የአንድ አባት ስም ይጽፋል፤ ነገር ግን ጌራ ማን እንደ ነበረ የጠየቁት እንደ ሆነ የሚመልሰው ያጣል። ይህ በተማሪው የሚፈረድ ነገር አይደለም፤ የነገረው የለምና።

የእነዚህ አባቶች ሥራ በቃል ብቻ ሳይሆን በምድር ላይም የሚታይበት ስፍራ አለ። እርሱም ጓሳ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ብርዳም ሜዳ ነው። ስሙን የወሰደው በላዩ ከሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። መንዜ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ ለዝናብም ገሣ ይሠራበታል። (ገሣ ለብሶ በክረምት በጎቹን የሚጠብቅ እረኛ ያላየ ሰው መንዝን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል።) በዚያም ሜዳ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል።

እንደ አገሩ ሰዎች ትረካ፥ ይህን ሜዳ አስቀድመው ለግጦሽና ለሣር የከለሉት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው፤ ይህም ከሆነ 400 ዓመት ያህል ነው ይባላል። ሜዳውም ለልጆቻቸው አጽመ ርስት ሆነ። የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን እያንዳንዳቸው አለቃ እየመረጡ ሣሩን ያስጠብቁ ነበር። ሜዳው አንዳንድ ጊዜ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ፈጽሞ ይዘጋል፤ ማንም ሣር አያጭድበትም፥ ከብትም አያገባበትም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ድርሻ ያለው ሁሉ ያጭዳል፤ ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። ድርሻ ያለው ማን ነው የተባለ እንደ ሆነ፥ መልሱ ያው በሽማግሌ ፊት እንደ ተነገረው ነው፤ ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቈጥሮ ያስረዳ ሰው ነው። ትውልድ ቈጠራው ለማሳው ብቻ ሳይሆን ለጣራው ክዳንም ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ያለፈውን ሁሉ መልካም አድርጎ ማውራት ለመምህር አይገባውም። የትውልዱ ቃል የመሬት ቁልፍ ስለ ነበረ፥ ቁልፉን አስመስሎ የሚቀርጽም አልታጣም። ብልህ ተሟጋች ልጅ ሳትወልድ የሞተችን ሴት ልጅ እንደ ወለደች አድርጎ በሐረጉ መካከል ያስገባ ነበር፤ ባለሥልጣን ዘመድ ያለው ሰውም ቈጠራው ቢወላገድ የሚያቃናለት አያጣም። የርስት ሙግት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቤተ ሰብን ያደኸየበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሐረግ የሌላቸው የተባሉት ሰዎች ነገር ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ከሌላ አገር መጥቶ በጭሰኝነት የተቀመጠው፥ ከባርነት የወጣውና ልጆቹ፥ እነዚህ ሁሉ በዚያው መንደር ኖረው በዚያው ሲቀበሩ፥ አባታቸውን የሚቈጥርላቸው ሽማግሌ አልነበረም። ማረሻው የተሠራበት እጅ ግን የመንደሩ ታሪክ ክፍል መሆኑ አይካድም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ መሬቱንም የገበሬዎች ማኅበር እንዲያከፋፍል ተደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቅኚ አባትን መቍጠር በማሳ ላይ ያለውን ኀይል አጣ። ሐረግ የለህም ይባል የነበረው ሰው መሬት አገኘ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። በጓሳ ግን የአስቦና የጌራ ወገኖች የዘመናት ጥበቃ በዚያው ቆመ፤ ሜዳውም ባለቤት እንደሌለው ሆኖ ብዙ ተጎዳ። ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ ከየቀበሌው ሰው እየመረጠ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋመ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ሜዳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ። አሁን ሣሩን ለማጨድ የሚጠየቀው የቀበሌ አባልነት እንጂ የአባት ስም አይደለም። ማሳውንም በሚመለከት በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የባልና የሚስት ስም የተጻፈበት የይዞታ ደብተር ስለ ተሰጠ፥ ማስረጃው ከሽማግሌ አፍ ወደ ወረቀት ተሻግሯል።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ሰው የሚያስታውሰው የሚሠራበትን ነው። ለርስት ሲባል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቈጠር የነበረው ትውልድ ሥራውን ባጣ ጊዜ፥ የቀረው ሥራ ጋብቻ ብቻ ሆነ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መቍጠር ይበቃል፤ እስከዚያ ድረስ ዘመድ መሆን አለመሆኑ ከታወቀ ሽማግሎቹ ይመርቃሉ። ስለዚህ ከሰባተኛው ቤት በላይ ያሉት ስሞች ማንም ክፉ ሳያስብባቸው በዝምታ ይወድቃሉ። በ1967 ዓመተ ምሕረት 25 ዓመት ሞልቶት በርስት ሙግት የቆመ ሰው በ2017 ዓመተ ምሕረት 75 ዓመት ሞልቶታል። አባቱን እስከ አቅኚው ድረስ ለመቍጠር የተገደደው የመጨረሻው ትውልድ እርሱ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተወለዱት ሙግቱንም ቈጠራውንም በወሬ እንጂ በሥራ አላወቁትም።

ሰባት ቤት ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነ በትምህርት ቤት በሒሳብ ሊታወቅ ይችላል። ለዚህም መንዝ የራሱ ሚዛን አለው። በመንዝ አጋንቻ ከሚባለው ስፍራ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ የሸዋን የመሳፍንት ቤት መሥርቶ ወደ ጎንደር ሄደ፤ በዚያም በዐፄ ኢያሱ ዘመን በ1695 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሞተ። ከእርሱ በኋላ አባት ለልጅ እየተካ ሰብስቴ፥ አብዬ፥ አምኃ ኢየሱስ፥ አስፋ ወሰን፥ ወሰን ሰገድ፥ ሣህለ ሥላሴ፥ ኀይለ መለኮት፥ ከዚያም ዐፄ ምኒልክ ሆኑ። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። ከነጋሲ ሞት እስከ ምኒልክ ሞት ያለው 211 ዓመት ያህል ሲሆን በመካከሉ ያለው ከአባት ወደ ልጅ የተደረገ መተላለፍ ስምንት ነው። 211 ለስምንት ቢካፈል ለአንድ ትውልድ 26 ዓመት ያህል ይደርሰዋል።

ይህን ሚዛን ይዞ መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ቤት ይሂድ። በ2000 ዓመተ ምሕረት የተወለደ ልጅ ሰባት ቤት ወደ ላይ የቈጠረ እንደ ሆነ 182 ዓመት ተመልሶ ወደ 1818 ዓመተ ምሕረት ይደርሳል፤ ይኸውም ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዛበት ዘመን ነው። ነጋሲን ገና አላገኘውም፤ አስቦና ጌራም ከዚያ ይርቃሉ። 400 ዓመት ለመድረስ 15 ወይም 16 ስም ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በስምንት ስም ጌራ ዘንድ ደረስሁ ቢል፥ ሽማግሌው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ በመካከሉ የተዘለሉ ስሞች አሉ ማለት ነው። በቃል የሚኖር ትውልድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የቅርቦቹ ሰዎች ይታወቃሉ፥ መሥራቹም ይታወቃል፥ የመካከሎቹ ግን እየተጠጋጉ ይጠፋሉ። መምህሩ ይህን ሲያገኝ ሽማግሌውን በተማሪዎች ፊት ማሳፈር አይገባውም። ስፍራውን ባዶ ትቶ ሌላ ሽማግሌ፥ ይልቁንም ከእናት ወገን ያለ ሽማግሌ፥ መጠየቅ ነው። አንዱ የዘለለውን ሌላው ለራሱ ርስት ሲል ይዞት ይገኛልና።

ቃሉን የሚያጸኑ ሌሎች ምስክሮችም አሉ። በብዙ የኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፥ የሽያጭና የውርስ ውል ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማየት የሚቻለው በደብሩ አለቃ ፈቃድና በካህናቱ ፊት ነው፤ መጽሐፉን ከቤተ ክርስቲያን ማውጣት ወይም በቀለም መንካት ፈጽሞ አይገባም። የቦታ ስምም ምስክር ነው። ጅረቱ፥ ጕብታው፥ የፈረሰው ቤት መሠረት፥ ከአጥር ውጭ ብቻውን የቀረው ጥድ፥ እያንዳንዱ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ነገር የተጠራ ነው። እረኛ የሆነው ተማሪ ከመምህሩ ይልቅ እነዚህን ስሞች ያውቃል፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ቢያንስ በዚህ ትምህርት ከተማሪው ቢማር ክብሩ አይቀንስም።

የርስት ቈጠራ ግን የመንደሩን ታሪክ ሁሉ አይዝም፤ ትልቅ ጕድለት አለበት። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ስም በሐረግ ውስጥ አይነሣም፤ በእርሱ በኩል የሚጠይቅ ወራሽ የለምና። በጦርነትና በራብ የሞቱት፥ ሳያገቡ የመነኑት፥ ከልጆቻቸው ጋር ያለቁት ሁሉ ከቈጠራው ውጭ ናቸው።

ለዚህም በዚያው አገር የታወቀ ምስክር አለ። በጠላት ወረራ ዘመን፥ በሚያዝያ 1931 ዓመተ ምሕረት፥ የኢጣሊያ ሠራዊት በመንዝና በግሼ አገር በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ከእነርሱ ጋር የነበሩትን ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ከብቦ በመርዝ ጋዝ መታቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት መካከልም ወንዶቹን በጥይት ፈጀ። ሕዝቡ ዋሻውን አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። የኢጣሊያ ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በሠራዊቱ መዛግብት ያገኘውን በ1998 ዓመተ ምሕረት ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ነገሩ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ እምብዛም አልታወቀም ነበር። በዋሻው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ግን 67 ዓመት ሙሉ ያውቁት ነበር። ጠይቆ የጻፈላቸው ቢኖር ኖሮ የሟቾቹ ስም ከነአባታቸው ዛሬ በተገኘ ነበር፤ መዝገቡ ግን ቍጥር እንጂ ስም አልያዘም።

ስለዚህ መምህሩ በሽማግሌው ፊት ሲቀመጥ ከማን ተወለድህ ብሎ ብቻ አያቁም። ከአባትህ ጋር ስንት ወንድሞችና እኅቶች ነበሩ፥ ሳያገባ የሞተ ማን ነው፥ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰስ፥ ለመንደሩ ማረሻ የሚሠራው ማን ነበር፥ የእርሱስ አባት ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅ። በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አንዳንድ ሽማግሌ ፊቱን ያጠቍራል። ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገውም ለመስማት እንጂ ለመፍረድ አይደለም። የአንዱን ዘር ዝቅ፥ የሌላውን ከፍ የሚያደርግ ቃል በተነገረ ጊዜ በትምህርት ቤት ደብተር አይጻፍም፤ በክፍልም አይነበብም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አይደለም። ለአንድ መንደር አንድ ወፍራም ደብተርና የማይለቅ ቀለም ይበቃል። ተማሪው አስቀድሞ በቤቱ የሚያውቀውን በእርሳስ ይጻፍ፤ የእናቱን ወገን እንደ አባቱ ወገን አስተካክሎ ይጻፍ፤ የሴቶቹንም ስም የእገሌ እናት እያለ ሳይሆን በራሳቸው ስም ያስገባ፥ የቀድሞው ሙግት እንኳ ሴቶቹን በስማቸው ይጠራ ነበርና። ከዚያ በኋላ በሰንበት ወይም በዝክር ቀን ሽማግሎች በተሰበሰቡበት ጊዜ ይነበብላቸው። አንዱ ይቃወማል፥ ሌላው ያርማል፥ ሦስተኛውም ሁለቱም የረሱትን ስም ያነሣል፤ እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ሰዓት የሚገኘው ነገር በአንድ ዓመት ብቻውን ከሚጠይቅ ሰው ይበልጣል።

በቀለም ሲገለበጥ በየገጹ ራስጌ የተናገረው ሰው ስም፥ መንደሩ፥ ዕድሜውና ቀኑ ይጻፍ። ቃሉም ሽማግሌው እንደ ተናገረው፥ የመምህሩን ቋንቋ ሳይጨምሩ ይቀመጥ። ሁለት ሽማግሎች ያልተስማሙበት ነገር የሁለቱም ቃል ጎን ለጎን ይጻፍ እንጂ አንዱ አይሰረዝ። ኅዳጉም ሰፋ ተደርጎ ይተው፤ ደብተሩ በመንደሩ መኖሩ በተሰማ ጊዜ ከሩቅ አገር ዘመድ ለመጠየቅ የመጣ ሰው ገጹን አይቶ የሚጨምረው ስም አያጣምና።